አምስተኛው መስራች

ይቺ ጽሑፍ ረዘም ትላለች። ጊዜ የሌላችሁ ሴቭ አድርጉና ማታ አንብቧት። ደብረ ታቦር፣ ገሳይ፣ ክምር ድንጋይ፣ ነፋስ መውጫ ያላችሁ ግን አታቆዩዋት። ለምን እንደሆነ እያነበባችሁ ትደርሱበታላችሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። ማስታወቂያ ለጥፍልኝ ነው ነገሩ። የሚከፍለው ደግሞ ቀላል አይደለም፤ አልዋሻችሁም፣ የሁለት ወር የቤት ኪራዬን ይሸፍናል። ማስታወቂያው እንዲህ ይላል፦

«የካናዳ ስታርትአፕ ቪዛ! ያለ እንግሊዝኛ ፈተና! ያለ ሥራ ልምድ! የቢዝነስ ሐሳብ ከሌለዎት ሐሳቡን እኛ እንሰጥዎታለን! ከነቤተሰብዎ ቋሚ መኖሪያ! የቀረን ጥቂት ቦታ ነው!»

«ሐሳቡን እኛ እንሰጥዎታለን» የምትለው ላይ ስደርስ ብቻዬን ሳቅሁ። ወዲያው ግን ሳቁ ጠፋብኝ። ይቺን አነጋገር ከዚህ በፊት ሰምቻታለሁ። ገሳይ፣ አክስቴ ቤት፣ ምድጃ ዳር ቁጭ ብዬ።

ታሪኩ የአምና ክረምት ነው። የአክስቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ ካጣ ሦስት ዓመት ሞልቶት ነበር። ገሳይ ከተማ ላይ ስልክ ይጠግናል፣ ካርድ ይሸጣል፣ የቴሌብር ወኪልም ነው። ጎበዝ ልጅ ነው። ታዲያ ባሕር ዳር ካፌ ውስጥ ያገኘው አንድ «አማካሪ» ካናዳ ሊልከው ተስማሙ። እንደ ሠራተኛ አይደለም፣ እንደ ተማሪም አይደለም። እንደ ድርጅት መስራች! አራት ሰዎች ተገኝተዋል፣ ድርጅቱ አምስት መስራች ይይዛል፣ አንድ ቦታ ቀርቷል፣ አምስተኛው እሱ ይሆናል። ዋጋው 600 ሺህ ብር። 40 ሺሁ ለመመዝገቢያ በቅድሚያ።

ብሩ ከየት ይመጣል? አክስቴ ሁለት በሬ አላት። ከቤቱ ጀርባ ደግሞ ለመቆረጥ የደረሰ ባሕር ዛፍ አለ። የጎደለውን ቤይሩት ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰችው እኅቱ ትሞላለች። አስቡት እስቲ። እኅት ስድስት ዓመት የሰው ሽንት ቤት ስታጥብ ያጠራቀመችው ገንዘብ፣ ወንድሟ ስሙን እንኳን በቅጡ የማይጠራው ድርጅት «መስራች» እንዲሆን።

«እቴቴ፣ እስቲ ቆይ፣ በሬውን አይሽጡት» አልኋት።

«አንተ ልጅ፣ ቀናህ እንዴ?» አለችኝ። በቀልድ ነው፤ ግን ግማሹ ቀልድ አልነበረም።

ስለዚህ ነገሩን መጀመሪያ ቁጭ ብለን እንየው። ቪዛው የፈጠራ ወሬ አይደለም። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2013 በሙከራ ጀመረችው፣ በ2018 ቋሚ አደረገችው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ አዲስ ድርጅት ለመመሥረት የሚያስብ ሰው መንግሥት ከሰየማቸው የግል ድርጅቶች ከአንዱ የድጋፍ ደብዳቤ ያመጣል። ደብዳቤ ሰጪዎቹ ሦስት ዓይነት ናቸው። ቬንቸር ካፒታል የሚባለው ቢያንስ 200 ሺህ የካናዳ ዶላር ከራሱ ኪስ ያወጣል። ኤንጀል ኢንቨስተር የሚባሉት ቢያንስ 75 ሺህ። ሦስተኛው ኢንኩቤተር ነው፤ ጀማሪ ድርጅት አቅፎ አሳድጋለሁ የሚል። ይሄኛው ስንት እንዲያወጣ ይገደዳል? ምንም። ዜሮ። «ወደ ፕሮግራሜ ተቀብዬዋለሁ» ካለ ይበቃል።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም፤ በሽታው ያለው እዚህ ነው።

200 ሺህ ዶላሩን የሚያወጣ ሰው ልጁን ይጠይቃል። ምን ትሠራለህ? ማን ይገዛሃል? እስካሁን ምን ሸጠሃል? ካልተጠየቀ የሚጠፋው የራሱ ገንዘብ ነዋ! ደብዳቤ ብቻ የሚጽፈው ግን የሚያጣው ነገር የለም፤ እንዲያውም «ለፕሮግራሙ ማስከፈል» ይችላል። ከአዋጪው ድርጅት ይልቅ ከፋዩ አመልካች ደንበኛው ይሆናል። ከዚያ በኋላ ያለውን ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም። ማኅተም ያለው ሰው፣ ማኅተሙ የሚያመጣውን ነገር በጣም የሚፈልግ ሌላ ሰው፣ መሃል ላይ ደላላ። ይሄን ድራማ እኛ ከነተዋናዮቹ እናውቀዋለን።

ሌላም አለ። በካናዳው ሕግ ቋሚ መኖሪያውን አንዴ ካገኘህ በኋላ ድርጅቱ ቢከስር ወረቀትህ አይነካም። ለእውነተኛ ጀማሪ ይሄ ደግ ሕግ ነው፤ አዲስ ሥራ የጀመረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይወድቃል፣ ስለወደቀ ደግሞ ከአገር መባረር የለበትም። ለደላላው ግን ከዚህ የተሻለ የሽያጭ ቃል አልተገኘም። «ድርጅቱ ባይሠራስ?» ብትለው «ይሄማ የበለጠ ጥሩ ነው፣ ትገላገላለህ» ነው መልሱ።

የሆነውም ይሄው ነው። ደብዳቤው ሸቀጥ ሆነ። በሚያዝያ 2024 የካናዳ መንግሥት አንድ ደብዳቤ ሰጪ ድርጅት በዓመት ከ10 በላይ ጀማሪ ድርጅት እንዳይደግፍ ገደብ ጣለ። ወረፋው ግን አስቀድሞ ሞልቶ ነበር። አምና የመንግሥቱ የራሱ ድረ ገጽ ለአዲስ አመልካች የሚያሳየው የጥበቃ ጊዜ ከ10 ዓመት በላይ ደርሶ ነበር። በ2025 መጨረሻ ደግሞ በዚህ መስመር አዲስ ማመልከቻ መቀበል እንደሚያቆም አስታወቀ፤ ደብዳቤያቸውን አስቀድመው ለያዙ ካልሆነ በቀር።

ገባችሁ? በውስጥ መስመር የመጣልኝ ሰው የሚሸጠው የተዘጋ በር ነው። «የቀረን ጥቂት ቦታ ነው» ይላል። ዜሮም ጥቂት ነው፣ ይሄስ ውሸት አይደለም።

ወደ አምና እንመለስ። ያኔ በሩ ገና አልተዘጋም። እኔም የአክስቴን ልጅ «ተው» ብቻ ብለው እንደማይሰማኝ አውቃለሁ፤ እኔም በሱ ዕድሜ ተው ያለኝን ሰው ሰምቼ አላውቅም። «እሺ፣ ሰውየውን አብረን እናናግረው» አልሁት። ስልኩን ስፒከር ላይ አደረግነው። አክስቴ ቡና እያፈላች ትሰማለች።

«ድርጅቱ ምንድን ነው የሚሠራው?» ብዬ ጀመርሁ።

«ቴክኖሎጂ ነው ወንድሜ።»

«ምን ዓይነት ቴክኖሎጂ?»

«ኤአይ። አሁን ሁሉ ነገር ኤአይ ነው።»

«አራቱ መስራቾች እነማን ናቸው?»

«ይሄ ሚስጥር ነው። የደንበኛ ሚስጥር እንጠብቃለን።»

አጎንብሼ የአክስቴን ልጅ አየሁት። አብሯቸው ድርጅት መሥርቷል የተባለው ልጅ፣ የሸሪኮቹ ስም ለራሱም ሚስጥር ነው።

«ድርሻው ስንት በመቶ ነው?» አልሁት። በካናዳው ደንብ እያንዳንዱ መስራች ቢያንስ 10 በመቶ ድምፅ የሚሰጥ ድርሻ ሊኖረው ይገባል።

«እሱን እኛ በወረቀት እናስተካክለዋለን።»

«የእንግሊዝኛ ፈተናውስ?»

«አያስፈልግም።»

ያስፈልጋል። በአራቱም፣ ማለትም በመስማት፣ በመናገር፣ በማንበብና በመጻፍ፣ በካናዳ መለኪያ አምስተኛ ደረጃ ያስፈልጋል። ይሄ በመንግሥቱ ድረ ገጽ ላይ በግልጽ የተጻፈ ነው። ልጁ ደግሞ ፈተናውን ቢፈተን ያልፋል እኮ! የሚያናድደኝ እሱ ነው። ማለፍ የሚችለውን ልጅ «አያስፈልግህም» ብለው በውሸት መንገድ ያስገቡታል።

«አንተ ራስህ ፈቃድ አለህ?» አልሁት መጨረሻ ላይ። ካናዳ ውስጥ በክፍያ የኢሚግሬሽን ምክር መስጠት የሚችለው ጠበቃ ወይም የተመዘገበ አማካሪ ነው። የአማካሪዎቹ መዝገብ ለማንም ክፍት ነው፤ ስም ጽፈህ ታያለህ። ፈቃድህን ቁጥር ስጠኝ ስለው ኔትወርክ ተቆራረጠበት። ገሳይ ላይ ኔትወርኩ በዚያ ሰዓት ደህና ነበር።

ስልኩ ሲዘጋ ለልጁ አንድ ነገር ብቻ ነገርሁት። በዚህ ቪዛ ከመስራቾቹ መካከል ለድርጅቱ «ወሳኝ» ተብለው የሚለዩ አሉ። ከወሳኞቹ አንዱ ውድቅ ከተደረገ ሁሉም ውድቅ ይሆናሉ። ማለትም የአንተ ዕጣ ስሙን በማታውቀው ሰው ወረቀት ላይ ተንጠልጥሏል። እሱ ያቀረበው የባንክ ወረቀት የውሸት ከሆነ፣ አንተም ከነእውነተኛ ዲግሪህ ትወድቃለህ። በራስህ ማመልከቻ ላይ ሐሰት ከተገኘ ደግሞ ለአምስት ዓመት ካናዳን አትረግጥም። እንግሊዝ ከሆነ አሥር ዓመት ሊደርስ ይችላል። ደላላውስ? እሱ ማመልከቻው ላይ ስሙ የለም። ፊርማው የአንተ ነው።

አሁን ደግሞ ካናዳ ሲዘጋ «እንግሊዝ አለ» ማለት ጀምረዋል። ስለዚህ ስለ እንግሊዝም ጥቂት ልበል። እንግሊዞች ከ2008 ጀምሮ 200 ሺህ ፓውንድ ላሳየ ነጋዴ ቪዛ ይሰጡ ነበር። ሰዎች ወረቀት ብቻ እያቀረቡ አስቸገሩ፤ በ2013 «እውነተኛ ነጋዴ ነህ ወይ?» የሚል ምርመራ ጨመሩበት። አልበቃም፤ በ2019 ዘጉት። በምትኩ የመጣው ደግሞ ያው ደብዳቤ ነው፤ አጽዳቂ ድርጅት ሐሳብህን መርምሮ ይፈርምልሃል። በ2023 «ኢኖቬተር ፋውንደር» ብለው ስሙን ቀየሩ፣ የ50 ሺህ ፓውንዱንም ግዴታ አነሱ። ለአጽዳቂው 1,000 ፓውንድ ይከፈላል፣ በኋላ ደግሞ ሥራህን ለመከታተል ሁለት ጊዜ ይገናኙሃል፣ ለእያንዳንዱ 500። ክትትሉ ከካናዳው የተሻለ ነው። ሐሳቡ ግን አዲስ፣ አዋጪና ሊያድግ የሚችል መሆን አለበት፤ የአንተም መሆን አለበት። «ሐሳቡን እኛ እንሰጥዎታለን» የሚለው ደላላ እዚያም አንዱን ዋና መስፈርት ገና ከመነሻው አፍርሶልሃል።

እኔ እነዚህን መንግሥታት ነጻ አላወጣም። የአገር መግቢያ በራቸውን ቁልፍ ለግል ድርጅት አከራይተው፣ ቁልፉ ሲቸበቸብ «የአፍሪካና የእስያ አጭበርባሪዎች» ማለት አያምርባቸውም። ሀብታም ሲሆንማ መሸጡ ሕጋዊ ነው። አሜሪካ 800 ሺህ ዶላር ለሚያፈስ ሰው ግሪን ካርድ የምትሰጥበት መስመር አላት። ሴንት ኪትስ የምትባለው ትንሽ ደሴት ከ1984 ጀምሮ ዜግነት ትሸጣለች። ባለገንዘቡ በግልጽ ገበያ ይገዛል። የእኛ ልጅ በሬ ሸጦ የዚያኑ ነገር ቅጂ ካፌ ውስጥ ይገዛል፤ ቅጂው ደግሞ አይሠራም።

እሺ፣ እነሱን ተቸን። ራሳችንንስ?

2009ን ታስታውሳላችሁ። የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ፣ 10 ቢሊዮን ብር። «ተደራጁ» ተባለ። ተደራጀን። አምስት ሆነን፣ ስድስት ሆነን፣ መታወቂያ ኮፒ አድርገን። እዚህ ላይ መናዘዝ አለብኝ፤ እኔም በአንዱ ማኅበር ውስጥ ስሜ ነበር። ዶሮ እርባታ። ሊቀ መንበሩ ጓደኛዬ ነው፣ «አንድ ሰው ጎድሎናል፣ ስምህን ስጠን» አለኝ፣ ሰጠሁት። እስከ ዛሬ ድረስ የዚያን ማኅበር አንዲት ዶሮ በዓይኔ አላየሁም። እንቁላሏንም። ሼዱ ተሰጠ፣ ተቆለፈ፣ በኋላ ለሌላ ሰው ተከራየ። ብድሩን ማን እንደከፈለው አላውቅም፤ ያልተከፈለ ይመስለኛል። እውነት የሚያረቡ ልጆች ደግሞ በዚያው ዓመት «ተራችሁ አልደረሰም» ተብለው ተመለሱ። አሁን ሳስበው የእነሱን ተራ የያዝሁት እኔ ነበርሁ። አምስተኛው መስራች ማለት እኔ ነኝ።

ለዚህ ነው የአክስቴን ልጅ ያልተቆጣሁት። ማን አስተማረው? እኛ ነን። በማኅበር ስም፣ በቀረጥ ነጻ መኪና ስም፣ ዲቪ ሲደርስ ደግሞ በማያውቋት ሴት ባልነት ስም፣ ወረቀት ላይ ያለው ሰውና እውነተኛው ሰው ሁለት መሆናቸውን ለምደን አደግን። ካናዳ ያመጣችው አዲስ ነገር የለም፤ ዋጋውን በዶላር ማድረጓ ነው።

ደብረ ታቦር ተወልዶ ጋፋትን የማያውቅ የለም። ከከተማው በእግር የሚደረስ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ባለሙያዎቻቸውን ያስቀመጡት እዚያ ነው። የእነዚያ ሰዎች «ቪዛ» ምን እንደነበር ግን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ከባዝል አጠገብ ከክሪሾና ተቋም የወጡ ሚስዮናውያን ናቸው። የመጡበት ልብ ወንጌል ነበር፤ የገቡበት ስም ግን የእጅ ባለሙያነት ነው፣ ሰባኪ በቀጥታ ቢመጣ በሩ ጠባብ ነበርና። እንግዲህ በአንድ ዓላማ ስም ገብቶ ሌላ ማሰብ ያኔም ነበር ማለት ነው፤ ፈረንጆቹም ለእኛ አድርገውታል። ንጉሡ ምን አደረጉ? «ባለሙያ ነን ካላችሁ መድፍ ሥሩልኝ» አሉ። አናውቅም ቢሉም አልተዋቸውም። ሞከሩ፣ ተበላሸ፣ እንደገና ሞከሩ፣ መጨረሻ ላይ ወደ ሰባት ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል ወጣ። ዛሬም መቅደላ ላይ አለ። ዘዴያቸውን አልመክርም፤ ሰውን አስገድዶ ማሠራትና በሰንሰለት ማሰር የኢሚግሬሽን ፖሊሲ አይሆንም። የጠየቁት ጥያቄ ግን ትክክል ነበር። የጠየቁት ደብዳቤ አይደለም፣ ሥራውን ነው።

መቅደላን ካነሳሁ አይቀር፣ ይሄን ነገር ስናወራ ሁልጊዜ የሚመጣብኝን ክርክር ልመልስ። «እነሱ የመቅደላን ቅርስ በዝሆን ጭነው ሲሄዱ ማን ጠየቃቸው? እኛ አንዲት ወረቀት ብናጭበረብር ምን አለበት?» ይሉኛል። ቅርሱ መዘረፉ እውነት ነው፣ ይመለስም። ግን ወንድሜ፣ ተጭበርባሪው ማነው? የንግሥት ቪክቶሪያ የልጅ ልጆች አንድ ሳንቲም አልጎደለባቸውም። የጎደለው የአክስቴ በሬ ነው። ብሩን የበላው ደግሞ አማርኛ ተናጋሪ ነው፣ ምናልባትም የአገርህ ልጅ። ይሄን የመቅደላ በቀል ብሎ መጥራት ለሟቹም ስድብ ነው።

ሁለተኛ ተጎጂ አለ፤ እውነተኛዋ መስራች። ደብረ ታቦር ላይ የማውቃት ልጅ አለች። በጉና ዙሪያ ያለው አርሶ አደር ድንች ሲደርስ ሁሉም በአንድ ሳምንት ገበያ ያወጣዋል፣ ዋጋው ይወድቃል፣ ለዘር የሚሆነውን እንኳ ማስቀመጫ አጥቶ ይሸጠዋል። ከሁለት ወር በኋላ ያንኑ ዘር በእጥፍ ይገዛል። እሷ የማን ጎተራ ውስጥ ምን ያህል ዘር እንዳለ በስልክ የሚመዘግብና ገዢና ሻጭ የሚያገናኝ ነገር ሠራች። ቀላል ነገር ነው፣ ኤአይ የለበትም። በ2015 ክረምት ወደ 70 አርሶ አደር ይዛ ነበር። ሐምሌ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ ወራት ሄደ። ኢንተርኔት የሌለው ከተማ ላይ የኢንተርኔት ድርጅት! እሷ ግን ደብተር ገዝታ በእጇ መመዝገብ ቀጠለች። ይሄ ነው መስራች ማለት፣ ሌላ ትርጉም የለውም።

እንዲህ ያለ ሰው ውጭ መውጣት ያስፈልገው ይሆናል። ቀልድ አይደለም። ከዚህ ሆነህ በስትራይፕ ክፍያ መቀበል አትችልም። የውጭ ኢንቨስተር «ድርጅትህን ዴላዌር አስመዝግብ» ይልሃል። ከሐምሌ 2016 በኋላ ዶላሩ ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ በብር የምታገኝ ልጅ ለአንድ ሰርቨር የምትከፍለው ብቻ ያሳምማታል። እና ይቺ ልጅ ለአጭር ሥልጠና አውሮፓ ቪዛ ጠይቃ ተከለከለች። የተሰጣት ምክንያት ባጭሩ «ትመለሻለሽ ብለን አላመንንሽም» የሚል ነው። የድንች ደብተሯን ማን ያይላታል? ከፊቷ ያለው የኢትዮጵያ «መስራች» ፋይል ስንቱ የካፌ እንደነበር እኔ አላውቅም፤ ቪዛ ኦፊሰሩ ግን የሚገምት ይመስለኛል፣ ግምቱም በእሷ ላይ ወረደ። ሚያዝያ 2024 የአውሮፓ ኅብረት የኢትዮጵያውያንን ቪዛ የመመርመሪያ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ያራዘመው በሌላ ምክንያት ነው፤ መንግሥታችን ተመላሾችን በመቀበል አልተባበረም ብሎ። ግን የቅጣቱን አወራረድ ልብ በሉ፤ የመጣው በፓስፖርቱ ቀለም ነው፣ ማን ምን አደረገ ብሎ የለየ የለም። የደላላውም ዕዳ የሚከፈለው እንደዚሁ በጅምላ ነው።

የእኛስ ሕግ? የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ 923/2008 አለ፣ በኋላም ተሻሽሏል። ሰው ለሥራ ውጭ የሚልክ ኤጀንሲ ፈቃድ ያውጣ፣ ዋስትና ገንዘብ ያስይዝ ይላል። የቤት ሠራተኛ ለሚልከው ይሄ ሁሉ አለበት። «መስራች» የሚልከው ደላላ ግን «እኔ ሥራ አላገናኝም፣ የማማከር አገልግሎት ነው የምሰጠው» ብሎ በጎን ያልፋል። ዋስትና የለ፣ ተቆጣጣሪ የለ፣ ውል ቢኖር እንኳ «ውጤቱን አናረጋግጥም» የምትል ትንሽ መስመር ከታች አለችበት። ስድስት መቶ ሺህ ብር የሚቀበል ሰው፣ ለቤት ሠራተኛ ላኪ የተጠየቀውን ያህል እንኳ ለምን አይጠየቅም? ይሄን የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ይመልስ። የዞን ጽሕፈት ቤቶቻችንም ደጃቸው ላይ የተለጠፈውን ባነር አንብበው ይመልሱ። በማጭበርበር የወሰደውን ገንዘብ በተመለከተ ደግሞ የወንጀል ሕጉ አዲስ አዋጅ አይጠብቅም፤ ከሳሽና ማስረጃ ነው የሚጠብቀው። ስለዚህ ደረሰኝ ያዙ፣ የቴሌግራም መልእክቱን አታጥፉ፣ ድምፁን ቅዱ።

ለቻናል ባለቤቶችም አንድ ቃል። እናንተም እንደኔ በማስታወቂያ ነው የምትኖሩት፣ አውቃለሁ። ግን ተከታዮቻችሁ እናንተን አምነው ነው ብር የሚልኩት፣ ሰውየውን አያውቁትም። ኮሚሽን ተቀብላችሁ «ከኛ ጋር ግንኙነት የለውም» ብትሉ ማን ይሰማችኋል?

የአክስቴ ልጅ መጨረሻ ምን ሆነ ትሉኛላችሁ። 600 ሺሁን አልከፈለም። 40 ሺሁን ግን ስልክ ከመደወላችን ከአሥር ቀን በፊት ከፍሎ ነበር፤ ለእኔ ሳይነግረኝ። ለዚያ አንደኛው በሬ ተሸጧል። አክስቴ ዘንድሮ ያረሰችው ከጎረቤት ጋር በሬ ተቀናጅታ ነው። ብሩን መልስ ስንለው መጀመሪያ «ነገ»፣ ቀጥሎ «ሂደት ላይ ነው»፣ ቀጥሎ ቁጥሩ ጠፋ። ልጁ አሁንም ስልክ ይጠግናል። እንግሊዝኛውን ፈተና በራሱ ሊፈተን ያነባል፤ ለየት አገር እንደሆነ አልወሰነም።

እኔ ማስታወቂያውን አልለጠፍሁም። «ይቅርታ፣ ካናዳ ይሄን መስመር ዘግታለች፤ አንተም ታውቃለህ» ብዬ ጻፍሁለት። አልተናደደም። ሳቅ የሚያሳይ ምልክት ላከልኝ፣ ቀጥሎ ደግሞ ሊንክ። ሌላ ቻናል ለጥፎለታል። ገብቼ አየሁት፤ ከአሥር ሺህ ሰው በላይ አይቶታል። ከሥሩ ካሉት አስተያየቶች ሦስተኛው «ከገሳይ ነኝ፣ እንዴት ነው የምመዘገበው?» ይላል። በውስጥ መስመር ጻፍሁለት። እስካሁን አላነበበውም።